የኮፐንሃገን ጣቶች በጋርዴና

ኅዳር 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት

ቤተ መጻሕፍቱ ገና አልተከፈተም። ደጁ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተር። መስመርህ ቢወላገድ ታገሥ። ቅዳሜ ያቆምኩት ለንደን ላይ ነው። ገጹ መካከል ቁራጭ ወረቀት ሰክቼ መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መልሻለሁ። አንድ ተማሪ ነቅሎት ከሆነ ዛሬ እዚህ ጠብ አለ።

ረፋድ ላይ። ወረቀቱ አለ። ጠብ የለም።

ለንደን እንዲህ ናት፦ ሠላሳ ሁለት ወረዳ፣ መካከላቸው አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ከተማ፣ በሁሉም ላይ አንድ ታላቅ ምክር ቤት። እሳት አጥፊው የሱ። ትልልቁ መንገድ የሱ። የከተማው ፕላን የሱ። አንድ ራስ፣ ብዙ እጅ። ወደድኩት። እንደ ሎስ አንጀለስ አይደለም። እዚህ አስፋልት ስትሻገር ከተማው ይቀየራል፣ የፖሊሱ ልብስ ይቀየራል፣ የአውቶቡሱ ቀለም ይቀየራል። ቤቨርሊ ሂልስ በሎ.አ. ሆድ ውስጥ ተቀምጣ ሎ.አ. አይደለሁም ትላለች። የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚነግረኝ ሰው ባጣ፣ ሌላው ሕዝብ እንዴት ነው የሚኖረው ብዬ የአውሮፓን ዋና ከተሞች አስተዳደር ማንበብ ጀመርኩ። ያስተማረኝ የለም። መዝገበ ቃላት አለኝ። ወንበር ላይ የሚቆይ መቀመጫም አለኝ።

ከሰዓት በኋላ። ልጄ ሰብለ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። አያሌው ሆስፒታል ገብቷል። ልቡ ነው። የዳማ ጓደኛዬ፣ ፌርፋክስ ላይ የግድግዳ ጎረቤቴ የነበረ። በክረምት ልጁ ጋርዴና ቤት ገዝቶ ወሰደው። ዳማውን እኔ ጋ ትቶት ነው የሄደው። ያልጨረስነው ጨዋታ አለ። እሱ እየተሸነፈ ነበር።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ሁለት አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛው የጋርዴና ከተማ የራሱ አውቶቡስ ነው፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሲያደርሰኝ ሁለተኛው ዓይኔ እያየ ተነሣ። አይተዋወቁም። አይጠባበቁም። በለንደን ይህ ነውር ነው።

አያሌው አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶበት ተኝቷል። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለው፣ ለንደን ደህና ናት?

ደህና ናት አልኩት።

ልጁ ውኃ ሊያመጣ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገሩን ተረዳሁት። የፌርፋክስ እድር ደንብ፣ ከሰፈር የወጣ አባልነቱ ይቆማል ይላል። የጋርዴና እድር ደንብ፣ አዲስ ገቢ ዓመት ሳይሞላው ድንኳን አይተከልለትም ይላል። ሁለቱም ደንብ ከአዲስ አበባ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። እዚያ ሰው በተወለደበት ሰፈር አርጅቶ ይሞታል። እዚህ ሰው ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ከተማ ይቀይራል። ሲገለብጡ ይህን ያሰበ አንድም የለም። አያሌው በመካከሉ ወደቀ። ክረምት ከአንዱ ወጣ፤ ሌላው ገና አልተቀበለውም።

“ስለዚህ መሞት የምችለው አውቶቡስ ላይ ነው” አለኝ። “ከድንበሩ ላይ፣ ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚህ።”

አልሳቅሁም። እሱም ብዙ አልሳቀም። የሚያስጨንቀው ልጁ ነው። ልጁ በልጅነቱ መጣ፣ አማርኛው የተሰባበረ፣ ሰው አያውቅም። ሬሳ ይዞ የማንን በር ያንኳኳል? ማን ያለቅስለታል? ማን ወንበር ይዞ ይመጣል?

ሁለቱን እድሮች አንድ አደርጋቸዋለሁ አልኩት። ሳትሞት።

“እንግዲያው እባክህ አትቸኩል” አለ።

ኅዳር 11፣ እሁድ ማታ

ድል! ቁጭ ብለህ ስማኝ፣ ደብተር።

የፌርፋክስ እድር ወርኃዊ ስብሰባ፣ ምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ከኩሽናው በር አጠገብ። ዳኛው ታደሰ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። ጥሩ ልጅ ነው። አንቱ ማለት ግን አያውቅም።

“ጋሼ፣ ሶ ፕላኑ ምንድን ነው?” አለኝ። “ፋይቭ ሚኒትስ አለህ፣ ኤርፖርት ሰው ፒክ አደርጋለሁ።”

ግማሽ ሰዓት ተናገርኩ። ለንደንን ከነወረዳዎቿ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሣልኩ፤ ባለቤቷ ተቆጣች፣ አጠፋለሁ አልኳት። እኛም እንዲሁ እንሁን አልኩ። አንድ እድር፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ ድንኳን፣ መቀመጫው ፌርፋክስ። የጋርዴና እድር ይግባ። የኢንግልውድ ሰዎችም ገና እድር ሳያቋቁሙ ይግቡ። አያሌው የማን ነው የሚል ጥያቄ በዚያው ቀን ይሞታል።

አጨበጨቡ። አንዱ ከኋላ፣ ጋርዴናዎች እሺ ይላሉ ወይ ቢል፣ የለንደን ምክር ቤት ሠላሳ ሁለቱን ወረዳ አንድ በአንድ አልለመነም አልኩት። ድጋሚ ጭብጨባ። ታደሰ ኤርፖርቱን ረስቶት ቀረ። በአንድ ድምፅ ተወሰነ፦ ለጋርዴና የሚነግረው መኮንን ይሁን። እኔ!

ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁ። ለንደን አልለቅም አለች፤ እስከ አሁን ግድግዳው ላይ ትታያለች።

ኅዳር 18፣ እሁድ፣ ማታ 3 ሰዓት

መብራት አጥፍቼ ልተኛ ነበር። አልቻልኩም።

የእሁድ አውቶቡስ። ጋርዴና ስደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። የእድራቸው ዳኛ እትዬ ዘነበች የምትባል ሴት ናት። ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ትመራለች፤ እድሩንም እንደ ፈረቃ ነው የምትመራው። ገና በሩን ሳልፍ ንግግሯን አቁማ ሰዓቷን አየች።

“ዘግይተዋል፣ አቶ መኮንን። እኛ ዘንድ የዘገየ ሰው በሚቀጥለው ዝግጅት መኪና ያስቆማል። ባለፈው ለቅሶ የጎረቤቶቻችንን ግቢ በመኪና ዘግተን ፖሊስ መጥቶብናል። ቀይ ጨርቅ ይሰጥዎታል፤ መንገድ ላይ ቆመው ያስተናግዳሉ።”

የርስዎ ሥልጣን እኔ ዘንድ አይደርስም አልኳት። እኔ የፌርፋክስ ሰው ነኝ።

“እሱንም እናያለን” አለች። ተቀመጥኩ።

ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ። ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ይህ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። ስለ ታላቁ ምክር ቤት፣ ስለ አንድ ራስና ብዙ እጅ። ስጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፦

“የእህቴ ልጅ ነርስ ናት፣ ለንደን። እዚያ ነው የምትኖረው። ያ ምክር ቤት ፈርሷል እኮ፣ አቶ መኮንን። ሁለት ዓመት አልፎታል።”

አንዱ ከጥግ፦ “ውይ! ለቅሶም አልደረሱት?”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው፣ ጋሼ ድንኳን አጥተው ነው ያልደረሱት አለ። ሦስተኛው፣ የምክር ቤቱ እድር የትኛው ነበር፣ ፌርፋክስ ነው ጋርዴና? አለ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ያ ባሰኝ። ብትስቅ ኖሮ እቆጣ ነበር።

ሰብለ መጥታ ወሰደችኝ። ሃይዌይ ላይ፣ አባዬ ኦኬ ነህ? አለች። ኦኬ ነኝ አልኳት። እንግሊዝኛ ከተናገርኩ ምን ያህል ኦኬ እንደሆንኩ ታውቃለህ።

ኅዳር 19

ዛሬ አልጽፍም።

ይህችን ብቻ። ያቺን ሴት ከእንግዲህ እ.ዘ. ብዬ ነው የምጽፋት። ስሟን ሙሉ መጻፍ ቀለም ይፈጃል።

ኅዳር 22፣ ሐሙስ

ቤ.መ. ገባሁ። የማውቃትን ሠራተኛ፣ ይህ መጽሐፍ መቼ ታተመ ብዬ ጠየቅኋት። ሽፋኑን ገልብጣ አሳየችኝ። ከመፍረሱ በፊት ነው። በመጽሐፉ አልፈርድም። ሲታተም ምክር ቤቱ ነበረ። አዲስ ያለውን ሁሉ አምጪልኝ አልኳት። መጽሔት በክንዷ ሙሉ አመጣች። እስኪዘጋ አልተነሣሁም።

እውነት ነው። ፈርሷል። እ.ዘ. አልዋሸችም።

ለምን ፈረሰ? ምክር ቤቱ ከወንዙ ማዶ ካለው መንግሥት ጋር ተጣላ፤ እነዚህ አንድ ፓርቲ፣ እነዚያ ሌላ። መንግሥት ሊያፈርሰው ሲነሣ ከወረዳዎቹ ብዙዎቹ አልተሟገቱለትም። ከላይ ሆኖ የሚያዝዛቸው አለቃ ነበርና። አንድ ራስ ሲቆረጥ እጆቹ ዝም ብለው አዩ።

ግን ይህን ደግሞ አንብብ፣ ደብተር፣ አንተም እወቀው። ሥራው አልፈረሰም! እሳት ተነሥቶ የትኛው ወረዳ ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ ካፈረሱት በኋላ እሳት አጥፊውን ለአንድ የጋራ ቦርድ ሰጡት። ሌላውን ለሌላ ኮሚቴ። ቤቱን አፍርሰው ዕቃውን ለጎረቤት አከፋፈሉት። ይህን ለእ.ዘ. የእህት ልጅ ማን ነገራት?

ተሸነፍኩ አላልኩም። ለንደን ናት የተሸነፈችው።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ከጠዋት እስከ መዝጊያ። ምሳ አልበላሁም፤ ጾም ነው፣ ምክንያት አለኝ።

ፓሪስ፦ በቀለበት መንገድ ውስጥ ያለችው ከተማ ትንሽ ናት። ከቀለበቱ ውጭ ያሉት በመቶ የሚቆጠሩ መንደሮች እያንዳንዳቸው ከንቲባ አላቸው፤ አንዱም ከንቲባነቱን አይለቅም። ታዲያ እንዴት ተሰበሰቡ? በባቡር። ምድር ውስጥ ገብቶ ከተማዋን ሰንጥቆ በዚያ በኩል የሚወጣ ባቡር። በላያቸው አንድ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት አለ፤ ከንቲባዎቹን ግን አይነካም።

ቪየና፦ ከተማውም ክፍለ ሀገሩም አንድ። ከንቲባው ገዢም ነው። ከራሱ ጋር ስለማይጣላ ሥራው ይሄዳል። ለኛ አይሆንም። ታደሰንና እ.ዘ.ን አንድ ሰው ማድረግ እግዚአብሔርም አይችልም።

በርሊን፦ በግንብ ለሁለት የተከፈለ። ስለሷ ምንም አልጽፍም። ግን እኛ ግንብ እንኳ የለንም። አንድ አስፋልት ነው ያለን።

ኮፐንሃገን፦ እዚህ ገጽ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ፕላኗ እጅ ነው። መዳፉ አሮጌው ከተማ። አምስቱ ጣቶች በባቡር ሐዲድ ላይ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ ሰው በጣቶቹ ላይ ይሰፍራል። በጣቶቹ መካከል ያለው መሬት አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ቤት አይሠራበትም። ይህን የሣለ ሰው እጁን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ መሆን አለበት። እኔም አኖርኩ። የቤ.መ. ሠራተኛዋ አየችኝና እጅዎን አመመዎት አለች። በኮፐንሃገን ሆድ ደግሞ ፍሬደሪክስበርግ የምትባል ሌላ ከተማ አለች፤ እኔ ኮፐንሃገን አይደለሁም የምትል። ቤቨርሊ ሂልስ! ለካ ሰው ሁሉ አንድ ነው። ከሁሉም በላይ የጋራ ምክር ቤት አላት፤ ጥርስ የለውም እየተባለ ይወቀሳል።

እንግዲህ፦ ለንደን ጥርሱ በዛና ተነቀለ። ኮፐንሃገን ጥርስ አጣ። መካከሉ የታለ?

ስቶክሆልም ቀረችኝ። ገጿ ላይ ስደርስ መብራት አጠፉብን።

ኅዳር 27፣ ማክሰኞ ማታ

ብዙ ነገር። በተራ እጽፋለሁ።

አያሌው ደክሟል። ኦፕሬሽን ሊያደርጉት ቀን ቆርጠዋል፣ የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ። ስለ ፓሪስ ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መሰለኝ። ሳይከፍት፦

“መኮንን፣ ማሸነፍ ነው የምትፈልገው ወይስ እኔን መቅበር?”

ሁለቱንም አልኩት።

“ዘነበችን አነጋግራት።”

አላነጋግርም አልኩ። ቀይ ጨርቅ አስይዛ መንገድ ላይ ልታቆመኝ የምትፈልግ ሴት ናት።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ማን ቢገባ ጥሩ ነው! እ.ዘ.፣ የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች፣ በእጇ ፔርሙስ። እኔን ጭንቅላቷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም ብላ አለፈች። ለአያሌው ትራሱን አስተካከለች፣ የምስር ሾርባ ቀዳችለት፣ ማንኪያውን ሰጠችው። አፉን ሲጠርግ ፎጣውን የት እንዳለ ሳትፈልግ ታውቃለች። ከፈረቃዋ ስትወጣ በየቀኑ ትመጣ ኖሯል።

አልተቀበላችሁትም እኮ አልኳት። የናንተ አባል አይደለም። ምን ታደርጊያለሽ እዚህ? ከንዴት ብዛት አንቺ አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። “ደንቡ የከለከለው ድንኳን ነው፣ አቶ መኮንን። ሾርባ አልከለከለም።”



ስማኝ፣ ደብተር። ሾርባው ሕግ አላስፈለገውም። ድንበሩን በራሱ ተሻገረ። ሕግ የሚያስፈልገው ሴት ብቻዋን በፔርሙስ ልታሻግረው የማትችለው ነገር ነው። ድንኳን። ወንበር የሚጭን መኪና። መቃብር። ሌላው ሁሉ፣ ማጽናናቱ፣ ምግቡ፣ ስብሰባው፣ ተግሣጹ፣ ለየሰፈሩ ይቅር!

ቦርሳዬ ውስጥ ጠዋት ከቤ.መ. ያስገለበጥኩት የስቶክሆልም ገጽ አለ። አልጋው ላይ፣ አያሌው እግር ላይ ዘረጋሁት። የስቶክሆልም ከተሞች መሬታቸውንና ፕላናቸውን ለማንም አይሰጡም፤ ቀናተኞች ናቸው። ባቡሩና ሆስፒታሉ ግን የጋራ የአውራጃ ምክር ቤት ነው። ሰውየው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር ሐኪሙ አልተቀበልኩህም አይለውም።

እ.ዘ. ጎንበስ ብላ አየችው። እንግሊዝኛውን ከኔ በቶሎ ታነባለች። ዋጥኩት።

“ይሄኛውስ አልፈረሰም?” አለች።

አልፈረሰም አልኳት። በዚህ ወር መጽሔት አረጋግጫለሁ።

“መቀመጫው የት ይሆናል? ፌርፋክስ ነው?”

የትም አልኳት። ሥራ እንጂ መቀመጫ የለውም። ፌርፋክስን በገዛ አፌ ሰረዝኳት።

ማንኪያውን እያጠበች አንድ ነገር ጨመረች፦ ድንኳኑ ጋርዴና ከተተከለ የሚታዘዘው ለጋርዴና ዳኛ ነው፣ ከየትም የመጣ ሰው ቢሆን። ፌርፋክስ ከተተከለ ለፌርፋክስ ዳኛ። በእንግድነት ተሰብስቦ ሁሉም አዛዥ መሆን የለም። ትክክል ነው። ጻፍኩት። ሰባተኛ አንቀጽ።

አያሌው ከትራሱ ላይ፦ “እግሬን ልቀቁልኝ፣ ስቶክሆልም ከበደችኝ።”

ታኅሣሥ 2፣ እሁድ ማታ

አለፈ! አለፈ! አለፈ!

ቆይ፣ በሥርዓት።

የጋራ ስብሰባ፣ ያው የምግብ ቤቱ ጓሮ። ጋርዴናዎች በቫን መጡ። በአንድ ወገን እነሱ፣ በአንድ ወገን እኛ፤ መካከል ባዶ ወንበር። ግድግዳው ላይ የለንደን ጠመኔ ገና ይታያል፤ አንዱ ጋርዴና ሻማ እናብራላት አለ። ይበል። ዛሬ አልቆጣም።

ተነሣሁ። መጀመሪያ ያልኩት፣ ለንደን ፈርሳለች። ራሴ ተናገርኩት፣ ማንም ሳይቀድመኝ። ከዚያ ለምን እንደፈረሰችና ሥራዋ ግን ለምን እንዳልፈረሰ። ከዚያ ኮፐንሃገን፣ የጋራ ምክር ቤቷን ድክመት ሳልደብቅ። ከዚያ ስቶክሆልም። ከዚያ ሦስቱ የጋራ ነገሮች፦ ድንኳን፣ መኪና፣ መቃብር። ሦስቱም አባሉን ይከተሉታል እንጂ አባሉ እነሱን አይከተልም። ቤት ቢቀይር፣ ከተማ ቢቀይር፣ መብቱ ከሻንጣው ጋር ይሄዳል። የቀረው ሁሉ የየሰፈሩ ነው።

የተቃወመው የኔው ወገን ነው። ታደሰ ተነሥቶ፦ “ጋሼ፣ ያኔ ዋናው ፌርፋክስ ነው ብለኸን ነበር። ሶ እኛ ምን አገኘን?”

አያሌውን አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

አያሌው ታደሰን የመጀመሪያውን ክረምት ቤቱ ያሳደረው ሰው ነው። ታደሰ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና፦ “ኦኬ። የኔ ቫን ለጋራው ትሁን፣ እሁድ እሁድ ፍሪ ናት” ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ጋርዴና ደግሞ፣ ሁለቱ ዳኞች ቢጣሉስ አለ። በርሊንን አነሣሁ። ግንብ ለመሥራት ሲሚንቶ ያለው ሰው ይነሣ አልኩ። የተነሣ የለም።

እጅ ወጣ። ያላወጣ አንድ ሰው ብቻ፤ እሱም ተኝቶ ነበር። ሲቀሰቅሱት ሁለቱንም እጁን አወጣ። እ.ዘ. ሰባቱን አንቀጽ ጮክ ብላ አነበበች፤ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ አላስተዋልኩም። ሰው እያቀፈኝ ነበር።

ሰብለ፣ አባዬ ቪክቶሪ ነው አለች። ድል ነው በይ አልኳት።

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ነን። ልጁ፣ እኔ፣ ታደሰ ታክሲውን አቁሞ፣ እ.ዘ.፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ጋርዴናዎች። ነርሷ፣ ሁላችሁም ቤተሰብ ናችሁ? አለች። ልጁ ዞሮ አየን። “የስ” አላት። በዚህ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልተቆጣሁም።

ምንም አላነበብኩም። እጄን በእጄ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ማታ። ወጣ። ተሳካ። ሐኪሙ ጠንካራ ሽማግሌ ነው አለ። ነቅቶ ሲያየኝ ድምፁ አይሰማም፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

“ድንኳኑን መልሱት” አለ። “አልፈለግሁትም።”

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ

ወደ ልጁ ቤት ወጣ። ዳማውን ይዤለት ሄድኩ። ያልጨረስነውን ጨዋታ እንደነበረ ደርድሬ አቀረብኩ። ይህ ጠጠር እዚህ አልነበረም ይላል። ነበር። ከታመመ ሰው ጋር አልከራከርም አልኩና ተከራከርኩ። አሸነፍኩ። ሰላምታ ሊሰጡት የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ በር የሚከፍተው ልጁ ነው። በአማርኛ፣ ይግቡ፣ ይላል። ተሰባብሯል፣ ግን ይግቡ ማለቱ ይገባል።

ጥር 6፣ ቅዳሜ ማታ

ነገ የአያሌው የልጅ ልጅ ክርስትና ነው። የጋራው ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ይተከላል፤ ለደስታ ይተከል ብለው ሁለቱም እድሮች ወሰኑ። ከፌርፋክስም ከኢንግልውድም ሰው ይመጣል። ሁሉም በመኪና።

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ሰብለ አንስታ፣ አባዬ፣ ላንተ ነው አለች፣ ሳቋን አፍና።

እሷ ናት። “አቶ መኮንን፣ የርስዎ ተራ ነው። ኅዳር ላይ ዘግይተዋል።”

ያኔ የጋርዴና ሰው አልነበርኩም አልኳት።

“አሁንም አይደሉም። ግን ድንኳኑ ጋርዴና ነው የሚተከለው። ሰባተኛ አንቀጽ። የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ያነበብኩት።”

 ለማምለጫ ሰባቱንም አንቀጽ በሐሳቤ አንድ በአንድ ዞርኩ። ቀዳዳ የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ቀዳዳ አልተውኩም። አውሮፓን ሁሉ አንብቤ፣ ሁለት ከተማ አስታርቄ፣ የመጀመሪያው ተገዢ ራሴ ሆንኩ! ግን ይህን አስተውል፣ ደብተር፦ ሕጉ ሠራ። በወረቀት አይደለም። የፌርፋክስን ግትር ሽማግሌ ከወንበሩ አስነሥቶ ጋርዴና መንገድ ላይ አቆመ። ለንደን ይህን አልቻለችም።

አያሌው ደወለ። ነግራዋለች። ለመናገር የሞከረ ይመስለኛል፤ የሰማሁት ሳቅ ብቻ ነው። ልብህን ጠብቅ ብዬ ዘጋሁበት።

ወስኛለሁ። እሄዳለሁ። ቀይ ጨርቁን እይዛለሁ። እትዬ ዘነበች ስታዝዝ እታዘዛለሁ። ስሟን ሙሉ ጻፍኩት፤ ቀለሙ ይፍጅ።

ግን መኪና አስቁም አለች እንጂ እንዴት እንደማስቆም አልነገረችኝም። የልጁ ቤት መንገድ ማዕዘን ላይ ነው። ከማዕዘኑ አራት መንገድ ይወጣል፣ ከጓሮው ደግሞ አንድ መተላለፊያ። አምስት! መዳፉ ድንኳኑ። በአምስቱ ጣት ላይ መኪና በአንድ በኩል ብቻ ይሰለፋል። የጎረቤቶቹ የግቢ በሮችና ቀዩ የእሳት አደጋ ቧንቧ በጣቶቹ መካከል እንዳለው አረንጓዴ መሬት ናቸው፤ አንድ ጎማ አይነካቸውም። ታደሰ በሌላ በኩል ልቁም ቢል አይቆምም። ዳኛ ቢሆንም አይቆምም። በሰባተኛ አንቀጽ መሠረት አይቆምም።

ጠመኔ ኮቴ ኪስ ውስጥ አለ፤ አስፋልት ላይ እሥላለሁ። የሚጀመረው በሦስት ሰዓት ነው ብላለች። የእሁዱን አውቶቡስ አላምነውም። ሰብለን ገና ጎህ ሳይቀድ እቀሰቅሳታለሁ፣ ጎረቤቶቹ መኪናቸውን ሳያወጡ እጄን መንገዱ ላይ ዘርግቼ መለካት አለብኝ፣ አውራ ጣቱ በየት በኩል እንደሚዘረጋ።